ዊንዶውስ 11 አንቲቫይረስ ያስፈልገዋል? ከፎርማት ቤት እስከ ኮፒ ቤት ፍላሽ

ዊንዶውስ 11 ያለው ሰው አንቲቫይረስ መግዛት አያስፈልገውም። ማይክሮሶፍት ዲፌንደር አብሮት ይመጣል፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሙሉ አንቲቫይረስ ነው፣ አይከፈልበትም፣ ፈቃዱም አያልቅም። ለተማሪም፣ ለቢሮም፣ ለቤትም ይበቃል። ይህ የሚሆነው ግን ዲፌንደሩ በርቶና ታድሶ ሲገኝ ነው። ተዘግቶ የሚገኝበት ምክንያት ደግሞ የታወቀ ነው።

ላፕቶፑ «ፎርማት» ሲደረግ ክራክ የሆነ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የተሰበረ ዊንዶውስ ወይም ኦፊስ ይጫንበታል። አክቲቬት ማድረጊያውን ፕሮግራም ዲፌንደር ስለሚያጠፋው፣ ጫኙ ዲፌንደርን አስቀድሞ ይዘጋል፤ ወይም ፕሮግራሙ ያለበትን ፎልደር ከፍተሻ ነጻ ያደርጋል። ሥራው አልቆ መልሶ ካልከፈተው፣ ወደዚያ ፎልደር የገባ ቫይረስ ሁሉ ሳይነካ ይኖራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን አጣሩ። ስታርት ላይ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ብላችሁ ፈልጉና «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ግቡ። «ማኔጅ ሴቲንግስ» ስትሉ «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» እና «ታምፐር ፕሮቴክሽን» ሁለቱም በርተው መገኘት አለባቸው። ወደ ታች ውረዱና «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ክፈቱ። ዝርዝሩ ባዶ መሆን አለበት። ሲ ድራይቭ በሙሉ ተጽፎ ካገኛችሁ ዲፌንደሩ አለ ማለት አይቻልም፤ አንድ በአንድ አስወግዱ።

የግል ላፕቶፕ ሆኖ ሳለ ማብሪያው አልነካ ካለና «በአስተዳዳሪ የሚመራ ነው» የሚል መልእክት ካሳየ፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም ከሥር ዘግቶታል። ያኔ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡና ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በሚወርደው መሣሪያ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫኑ። ቢያንስ 8 ጊጋ የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ዊንዶውስ 8 ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ዊንዶውስ ይዞ የመጣ ከሆነ ፈቃዱ አብዛኛውን ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ያንኑ እትም፣ ሆም ከነበረ ሆም፣ ስትጭኑ ኢንተርኔት እንዳገኘ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ፈቃድ እያላቸው ክራክ የሚጫንባቸው ማሽኖች መኖራቸው ያሳዝናል።

ቀጥሎ እድሳቱ ነው። እዚያው ገጽ ላይ «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» ውስጥ የመጨረሻውን ቀን እዩ። ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ ካለፈው «ቼክ ፎር አፕዴትስ» ተጫኑ። በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙና ዳታ ለመቆጠብ መስመሩን «ሜተርድ» ያደረጋችሁ ከሆነ እድሳቱ ሊዘገይ ስለሚችል በእጅ መጫን ልመዱ። ኢንተርኔት የሌለው የቢሮ ኮምፒውተር ከሆነም ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን እድሳት ለብቻው በፋይል ያወጣል። ሌላ ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ ወስዳችሁ ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ነው። ምንም መስኮት ሳይከፍት ሥራውን ይጨርሳል፤ «አልሠራም» ብላችሁ ደጋግማችሁ አትጫኑት፣ ቀኑን ብቻ አጣሩ።

ፍላሽ

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪም ሆነ ቴዎድሮስ ግቢ አካባቢ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰሞን፣ አንድ የኮፒ ቤት ኮምፒውተር በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካበት አስቡ። ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሣ ዊንዶውስ ከ7 ጀምሮ ከልክሏል። ቫይረሱም ዘዴ ቀየረ። እውነተኛ ፎልደሮቻችሁን ይደብቅና በየስማቸው ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሣል፣ ከዚያ ፎልደሩ ይከፈታል፤ ምንም የተፈጠረ አይመስልም።

ከኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ስትሰኩ ምንም ሳትከፍቱ በፍላሹ ስም ላይ ቀኝ ጠቅ አድርጉና በዲፌንደር አስፈትሹ። ፍተሻው ቫይረሱን ሲያጠፋ የተደበቁት ፋይሎች እንደተደበቁ ይቀራሉ። ብዙ ሰው «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ ፍላሹን ፎርማት የሚያደርገው እዚህ ላይ ነው፤ ኧረ አትቸኩሉ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው»፣ «ሾው»፣ «ሂደን አይተምስ» ምረጡ። ካልታየ በሦስቱ ነጥቦች ወደ «ኦፕሽንስ» ገብታችሁ «ቪው» ውስጥ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሡ። ደብዘዝ ያለ ፎልደር ይመጣል፤ አንዳንዴም ስም የሌለው ነው። አዲስ ፎልደር ከፍታችሁ ሰነዶቻችሁን ብቻ ወደዚያ አዛውሩ፣ ሾርትከቶቹን አጥፉ፣ ከዚያ የሲስተም ፋይሎቹን ምልክት መልሱ።

እዚያው «ቪው» ውስጥ ሳላችሁ የፋይል ዓይነት መጨረሻን ደብቅ የሚለውንም አንሡ። በቴሌግራም የመጣ «ፒዲኤፍ» መጨረሻው ኢኤክስኢ (.exe) ከሆነ ፕሮግራም ነው፣ አትክፈቱት።

ለማሳተም ብቻ ከሆነ ኤስዲ ካርድ ከነአዳፕተሩ ይሻላል። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ወደ መቆለፊያው ስትገፏት አብዛኛው ካርድ አንባቢ ምንም እንዲጻፍበት አይፈቅድም።

ሁለተኛ አንቲቫይረስ

ሌላ አንቲቫይረስ ከጫናችሁ ዲፌንደር ራሱን ያሳርፋል። ይህ ችግር የለውም። ሁለት የውጭ አንቲቫይረስ ባንድ ላይ መጫን ግን አንዱ የሌላውን ፋይል እየተጠራጠረ ማሽኑን ያንቀራፍፋል። የሙከራ አንቲቫይረስ ይዞ የመጣ ላፕቶፕ ካላችሁ ጊዜው ሲያልቅ አራግፉት፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ዲፌንደር መመለሱን እዩ።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዲፌንደር የቫይረስ መረጃ ማግኘቱን ቢቀጥልም የሲስተሙን ቀዳዳ አይደፍንም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በግንቦት 2009 ዓለምን ያዳረሰው ማይክሮሶፍት በመጋቢት ባወጣው እድሳት የተደፈነውን ቀዳዳ ተጠቅሞ ነው፤ የተጎዱት ያላደሱት ናቸው። ማሽናችሁ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ)፣ 4 ጊጋ ራምና የሚደገፍ ፕሮሰሰር ካለው ወደ 11 አሳድጉት።

ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ዓይነት ለመከላከል «ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን» ውስጥ «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» አብሩ። የቪዲዮ ማቀናበሪያችሁ ሴቭ አላደርግም ካለ እዚያው ፈቃድ ስጡት። የጥምቀትና የሠርግ ቀረጻ የያዛችሁ ግን በዚህ ብቻ አትተማመኑ፤ አንድ ኮፒ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ይኑራችሁ። እንደተሰካ የሚኖር ዲስክ አብሮ ይቆለፋል።

ቫይረሱ ተመልሶ እየመጣ ካስቸገረ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ ኦፍላይን ስካኑን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መብራት ሊሄድ ስለሚችል የላፕቶፑን ባትሪ ሙሉ፣ የተከፈተ ሰነድ ሴቭ አድርጉ፤ ውጤቱን በኋላ «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» ውስጥ ታገኙታላችሁ።