አጋዥ መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት እንዴት እንደማጣራ

የድጋፍ መስጫ ክፍላችን ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት ታብሌቶች ተቀምጠዋል። ካርቶናቸው እንኳ አልቆሸሸም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት «ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች» ብሎ ሲሰጠን ደስ ብሎን አብረን ፎቶ ተነሳን። በሁለተኛው ወር የሚነካቸው ጠፋ። የተጫነባቸው ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም የሚናገረው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። የእኛ ልጆች የሚማሩት ደግሞ በአማርኛና በኦሮምኛ ነው። ስንረከብ «በምን ቋንቋ ነው የሚያነበው?» ብዬ አልጠየቅሁም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ዕቃ ወደ ክፍሌ ከመግባቱ በፊት አጣራለሁ። የማጣራው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። የምጽፈው ለመምህራን ነው፤ ወላጆችም ግን ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

ከልጁ ጀምሩ

እኤአ በ1993 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት አለ። 227 አካል ጉዳተኛ አዋቂዎች ስለ መሣሪያዎቻቸው ተጠየቁ። ከመሣሪያዎቹ 29.3 በመቶው ጨርሶ ተጥሏል። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ዕቃው ሲመረጥ የተጠቃሚውን ሐሳብ የጠየቀ አለመኖሩ ነው። ይህን ሳነብ የእኛ ታብሌቶች ናቸው ፊቴ ላይ የመጡት።

ስለዚህ ስልካችሁን አውጥታችሁ ዕቃ መፈለግ አትጀምሩ። ሦስት ቀን ልጁን ተመልከቱ። ጆይ ዛባላ የምትባል አሜሪካዊት ባለሙያ በ1990ዎቹ ያዘጋጀችው ቀላል ቅደም ተከተል አለ፤ እኔ እሱን ነው የምከተለው። መጀመሪያ ተማሪው፣ ቀጥሎ ያለበት ቦታ፣ ቀጥሎ የሚጠበቅበት ሥራ፣ መጨረሻ ላይ መሣሪያው። መሣሪያው አራተኛ ነው። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከአራተኛው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። አልቢኒዝም (በተፈጥሮ የቆዳ፣ የፀጉርና የዓይን ቀለም ማነስ) ያለባት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ከሰሌዳ አምስት መስመር ሳትገለብጥ ክፍለ ጊዜው ያልቅ ነበር። ሁሉም ሰው «ማጉያ ያለው ታብሌት ይገዛላት» አለ። እኔ ከኋላዋ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሦስት ቀን ዋልኩ። በሁለተኛው ቀን ራሷ ነገረችኝ፦ «ቲቸር፣ ጠዋት አያለሁ እኮ። ረፈድ ሲል ነው ሰሌዳው ነጭ የሚሆንብኝ።» የተቀመጠችው መስኮት ሥር ነበር። ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ፀሐዩ በቀጥታ ይገባል። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ዓይን ብርሃን አይችልም፤ ያ ብርሃን እንዳታይ ያደርጋታል።

ቦታዋን ቀየርን። ክፍል ውስጥ ባርኔጣ እንድታደርግ ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ወሰድን። ከዚያ በኋላ የቀረው ችግር መጽሐፉ ላይ አጎንብሳ ማንበቧ ነበር፤ አንገቷን ያማታል። የጅማ በርጩማ ወደሚሠሩ አንድ አናጺ ሄድኩ። መጽሐፍ ዘመም አድርጎ የሚያቆም ጣውላ እንደምፈልግ በእጄ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። በሁለት ቀን ሠርተው ሰጡኝ፤ ከታች መጽሐፉ እንዳይንሸራተት ጠርዝ አበጁለት። እሱም አጋዥ ቴክኖሎጂ ነው። ቃሉን ስንሰማ ቻርጅ የሚደረግ ነገር ብቻ አይታየን።

ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

ማየት ከጨረሳችሁ በኋላ ልጁ ሊሠራው የሚገባውንና ያልቻለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ዓይነ ስውር ስለሆነ ላፕቶፕ ያስፈልገዋል» አይሆንም። «የሰባተኛ ክፍል የኅብረተሰብ መጽሐፍን ቤቱ ማታ ለብቻው ማንበብ አይችልም» ይሆናል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ማታ»፣ «ቤቱ» እና «ለብቻው» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ለፍለጋችሁ መንገድ ያሳያሉ። ቤቱ መብራት አለ? ኢንተርኔት አለ? ስልኩ የማን ነው? የዚህን ልጅ ቤት ሄጄ ነበር። እናቱ ቡና አፍልተው እየጠበቁኝ ነበር። ስልኩ የአባትየው መሆኑንና አባትየው ማታ ከሁለት ሰዓት በፊት እንደማይገቡ ያወቅሁት እዚያ ነው። ይህን የትኛውም ድረ ገጽ አይነግራችሁም።

አሁን ፈልጉ

ጉግል ላይ የዕቃ ስም ስትጽፉ የሚመጣላችሁ ሻጭ ነው። ሥራውን ጻፉ። ጥናት ስትፈልጉ ጉግል ስኮላር ነጻ ነው፤ ኤሪክ የሚባለው የአሜሪካ የትምህርት ጥናቶች ማከማቻም ነጻ ነው። ከእኛው ደጅ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሳይንስ ጆርናል አለ። ዩኒቨርሲቲው የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ክፍልም አለው። የእኛን አገር ክፍል የሚያውቅ ሰው የጻፈው አንድ ገጽ፣ ሌላ አገር ከተጻፈ አሥር ገጽ ይበልጥብኛል።

ጥናቱን ስታገኙ ሙሉውን ማንበብ ግድ አይደለም። ስንት ተማሪ ላይ ተሞከረ? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ለስንት ሳምንት? ገንዘቡን የከፈለው ማነው? ዕቃውን የሚሸጠው ኩባንያ ከሆነ ጥርጣሬያችሁን ጨምሩ።

የቋንቋው ፈተና

እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ እኛ አገር ብዙ ነገር የሚወድቀው እዚህ ነው።

ስክሪን ሪደር የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ለኮምፒውተር ኤንቪዲኤ አለ። እኤአ በ2006 ማይክል ከራን የሚባል አውስትራሊያዊ ጀመረው፤ ጄምስ ቴህ የሚባል ሌላ አውስትራሊያዊም አብሮት ሠርቷል። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው። ፕሮግራሙ በነጻ ነው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል የድምፅ ሞተር አማርኛም ኦሮምኛም አለው። ድምፁ የማሽን ነው፤ መጀመሪያ ላይ ጆሮ ይከብደዋል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ግን፤ ለእኛ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ማይክሮሶፍት ኤጅ የሚባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ደግሞ መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉ። እነሱ ወደ ሰው ድምፅ በጣም ይቀርባሉ፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋሉ። ሁለቱንም ለልጁ አሰሙትና ራሱ ይምረጥ። የእኔ ተማሪ የመረጠው የማሽኑን ነው። «ይሄኛው ሲፈጥንም ይሰማኛል» አለኝ። እኔ ብመርጥለት ኖሮ መቅደስን ነበር የምመርጥለት።

ድምፁ ተገኘ ማለት መጽሐፉ ይነበባል ማለት አይደለም። ይህን ሙከራ አድርጉ። የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ክፈቱና አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛው እንዳለ ከመጣ ደህና ነው። ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከመጣ ጽሑፉ የተሠራው በድሮው የግዕዝ ፎንት ነው፤ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ፣ ዩኒኮድ፣ አይደለም። ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ ስክሪን ሪደሩ ግን ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው የሚያነበው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እኤአ በ1999 ነው፤ ሆኖም በድሮው ፎንት የተሠሩ ፋይሎች ዛሬም እጃችን ላይ አሉ። ምንም መስመር መምረጥ ካልቻላችሁ ደግሞ ፎቶ ነው። ያኔ ከምስል ጽሑፍ የሚያወጣ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛ ይችላል። የወጣውን ግን ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት፤ «ጸ» እና «ጰ»፣ «ሰ» እና «ስ» ይቀላቀሉበታል።

የኦሮምኛ መጽሐፍ ከሆነ በቁቤ ስለሚጻፍ የፎንት ችግር የለበትም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ድምፁ እንግሊዝኛ ላይ ከሆነ ቁቤውን እንደ እንግሊዝኛ ያነበዋል። ቅንብሩን ቀይሩ።

አንድ ነገር አደራ። ድምፅ ተገኘ ብላችሁ ብሬሉን፣ በጣት የሚነበበውን የነጥብ ጽሑፍ፣ አታስተዉት። ሰምቶ ብቻ ያደገ ልጅ ቃሉ እንዴት እንደሚጻፍ አያውቅም። ብሬል በ6 ነጥብ ነው የሚሠራው፤ 6 ነጥብ የሚሰጠው 63 ቅርጽ ነው። የእኛ ፊደል 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋል፤ ጽሑፉም ይረዝማል። በእጅ ብሬል ለሚጻፍበት መሣሪያ (ስሌት የሚባለው ማስመሪያና ስታይለስ የሚባለው መውጊያ) ወፍራም ወረቀት በጀት ስታስይዙ ይህን አስቡ።

ጆሮና ዝናብ

ጅማ ዝናብ ነው። ክፍሎቻችን ደግሞ ቆርቆሮ ናቸው። ዶፍ ሲወርድ በደንብ የሚሰማው ልጅም አይሰማኝም። ስለዚህ ለመስማት የሚያግዝ ማንኛውንም ዕቃ ፀጥ ባለ ቢሮ ውስጥ ሞክራችሁ «ይሠራል» አትበሉ። ስልክ ላይ በአማርኛ ስትናገሩ የሚጽፈውን የጉግል አገልግሎት ለአንድ መስማት ለሚከብደው ተማሪዬ ሞክሬው ነበር። በደረቅ ቀን ጥሩ ጻፈልኝ። ዝናብ ሲጥል ግማሹን ሳተ። ለዚያ ቀን ያዘጋጀነው መፍትሔ ትንሽ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ነው።

የመስሚያ መሣሪያ ከሆነ ባትሪውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በብዛት የሚሠራባቸው ዚንክ ኤር የሚባሉ ትናንሽ ባትሪዎች ልጣጫቸው ከተነሳ በኋላ ባይሠራባቸውም ያልቃሉ። መርካቶ ሄዳችሁ ባትሪው እንዳለ ሳታዩ መሣሪያውን አትቀበሉ። ወንበሩንም አስቡ፤ ገላጣ ቦታ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ልጁን ሁለት ረድፍ ወደ ፊት ማምጣት ገንዘብ አይጠይቅም።

ጨርሶ የማይሰማ ልጅ ከሆነ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ መተግበሪያ አይደለም። ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ አለ ወይ ነው።

የተጠቀሙበትን ጠይቁ

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አሉ። ሁለቱን ሻይ ጋብዤ ጠየቅኋቸው። «ምን ትጠቀማላችሁ?» ብቻ አይደለም ያልኳቸው፤ «ምን ጀምራችሁ ተዋችሁ? ለምን?» ብያለሁ። ብዙ የተማርኩት ከሁለተኛው ጥያቄ ነው። አንዱ የድምፅ መቅጃ ይወድ ነበር፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ «ይሄ ከዚህ ጋር ሲደመር» ሲል ቅጂው ዋጋ እንዳጣበት ነገረኝ።

ሁለት ሳምንት ሞክሩ

ተውሳችሁ ሞክሩ። አንድ ነገር ብቻ ለኩ፤ ለምሳሌ በ40 ደቂቃ ስንት መስመር ገለበጠች። ዕቃው ከመምጣቱ በፊትም ለኩት፤ አለበለዚያ የምታወዳድሩበት የላችሁም። መብራት የጠፋበትን ቀንም መዝግቡ። የልጁን ቃል እንዳለ ጻፉ። ያልሠራውን ነገር ደግሞ ከሠራው እኩል ጻፉ፤ የሚቀጥለው መምህር ያንኑ ዕቃ ደግሞ እንዳይገዛ።

ከዚያ ለልጁ አንድ ገጽ አዘጋጁ። አምስተኛ ክፍል ያለችው ተማሪዬ ስድስተኛ ስትገባ የምትይዘውን ገጽ አብረን ጻፍን። ከመስኮት የራቀ ወንበር፣ ባርኔጣ፣ የመጽሐፍ ማቆሚያ፣ ጥቁር ማርከር። አነበበችውና እስክርቢቶውን ተቀብላኝ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ሰሌዳ ላይ ስትጽፉ እየጻፋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ።»