የፀሐይ ጉልበት መዋዠቅ የጥንቱን ውቅያኖስ ነክቶት እንደሆነ በዳታ እንዴት ይፈተሻል

ለዚህ ስራ ላብራቶሪ አያስፈልግም፣ ዳታው በነፃ የተለቀቀ ስለሆነ ኮምፒውተርና ትዕግስት ካለ ይበቃል። ኤክሴል ዳታውን ለማየት ያህል ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ ግን ፓይተን ወይም አር የሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች የግድ ናቸው።

1. የምትፈልጉትን ለዩ። የ23፣ የ41 እና የ100 ሺህ ዓመቶቹ ዑደቶች የመጡት ከምድር ምህዋር ነው እንጂ ፀሐይ ራሷ ጨምራ ወይ ቀንሳ አይደለም። የራሷ ለውጥ ትንሽ ነው፣ በ11 ዓመቱ ዑደት በካሬ ሜትር ከ1361 ዋት ላይ 1 ዋት ገደማ ብቻ።

2. የፀሐይን ሪከርድ አውርዱ። በፈረንጆች ከ1700 ወዲህ ያለው ዓመታዊ የፀሐይ ነጠብጣብ (ፊቷ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦች) ቁጥር ብራሰልስ ካለው የቤልጂየም ሮያል ኦብዘርቫቶሪ ይገኛል። ከዛ በፊት ላለው የግሪንላንድ በረዶ ውስጥ ያለውን ቤሪሊየም 10 እና የዛፍ ቀለበት ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 ውሰዱ። ፀሐይ ስትጠነክር መግነጢሷ ሁለቱን የሚፈጥራቸውን ከህዋ የሚመጣ ኮስሚክ ጨረር ስለሚመክት ሁለቱም ያንሳሉ፣ ስለዚህ ግራፉን ገልብጡት።

ካርቦን 14ን ብቻውን ግን በፍፁም አትመኑ። የጥልቁ ውሃ ዝውውር ሲዳከም ውቅያኖሱ ወደ ታች የሚወስደው ካርቦን 14 ስለሚቀንስ አየር ላይ ያለው ይጨምራል፣ ይሄ ደግሞ ልክ ፀሐይ የደከመች ያስመስላል፣ በቃ ውቅያኖስን ከራሱ ከውቅያኖስ ጋር እያወዳደራችሁ ነው ማለት ነው። ቤሪሊየም እንደዛ አይደለም፣ ቶሎ ከዝናብና ከበረዶ ጋር ይወርዳል። ሁለቱ ሲስማሙ ነው ፀሐይ ናት የሚባለው።

3. የባህር ደለል ኮር (ከባህር ወለል ተቆፍሮ የወጣ የደለል ዘንግ) ምረጡ። ፓንጌያ በሚባለው የሳይንስ ዳታ ድረ ገጽ ላይ ሞልቷል። የፎራሚኒፌራ (ባህር ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት) ቅርፊት ኦክስጅን 18 ወይም የማግኒዚየምና ካልሲየም ሬሾ ያለበትን ፈልጉ፣ የጥንቱን ውሃ ሙቀት የሚጠቁሙት እነሱ ናቸው። ደለሉ በምን ፍጥነት እንደተከማቸ ግን መጀመሪያ እዩ፤ ብዙ ጥልቅ ባህር ላይ በ1000 ዓመት 2 እና 3 ሴንቲሜትር ነው የሚጠራቀመው፣ ወለሉ ላይ የሚኖሩ እንስሳት ደግሞ የላይኛውን 10 ሴንቲሜትር ገደማ ያማስሉታል፣ ስለዚህ እዛ ውስጥ የመቶ ዓመት ለውጥ መፈለግ ከንቱ ነው።

4. ዕድሜው ላይ ጊዜ አጥፉ። እኔ እንደሚመስለኝ የስራው ሶስት አራተኛ እዚህ ነው። ፋይሉ ላይ "ዕድሜ" የሚለውን ዓምድ ዝም ብላችሁ አትውሰዱ፣ ስንት ቦታ ላይ በካርቦን 14 እንደተለካ እዩ፣ በመሀል ያለው ሁሉ በመስመር የተገመተ ነው። የባህር ላይኛው ውሃ በካርቦን 14 ሲለካ ራሱ በመቶዎች ዓመት "ያረጀ" ስለሆነ፣ በአሮጌ ካሊብሬሽን የተሰራውን ማሪን20 በሚባለው የባህር ካርቦን 14 ማስተካከያ እንደገና አስሉት፤ ዋልታ አካባቢ ግን ስለሚብስ ማሪን20 ብቻውን አይበቃም። የፀሐይን የ200 ዓመት ገደማ ዑደት እየፈለጋችሁ ዕድሜው 100 ዓመት ከሳተ ሙቀቱ ቅዝቃዜ ሆኖ ይታያል። ጫፎቹ እንዲገጥሙ ኮሩን ወደ ፀሐይ ግራፍ ጎትቶ ከዛ "ይመሳሰላሉ" ማለት ደግሞ ራስን ማታለል ነው።

ጂኦሎጂስቱ ጄራርድ ቦንድና ባልደረቦቹ በፈረንጆች 2001 የሰሜን አትላንቲክ ተንሳፋፊ በረዶ የጣለውን የድንጋይ ቅንጣት ቆጥረው ከቤሪሊየም 10 እና ከካርቦን 14 ጋር አገናኝተውታል፣ ትልቅ ስራ ነው፣ አለ ባሉት የ1500 ዓመት ገደማ ዑደት ላይ ግን በኋላ የመጡ ጥናቶች ጥያቄ አንስተዋል።

5. ፈትኑት። የኮሩን ዕድሜዎች በስህተታቸው ልክ በራንደም እያንቀሳቀሳችሁ ከፀሐይ ሪከርዱ ጋር ያለውን ዝምድና 1000 ጊዜ አስሉ። ከዛ እሳተ ገሞራውን፣ በተለይ በፈረንጆች የ1257ቱን ሳማላስና የ1815ቱን ታምቦራ፣ ግራፉ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ቅዝቃዜው ከነሱ ቀጥሎ ከመጣ ለፀሐይ አትስጡት።