የልብ ቀዳዳን በካቴተር (በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስዘጋት፦ ወላጆች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

«ልጄ ይሮጣል፣ ይጫወታል፤ ምን ያስቸኩላል?» ይህን ስሰማ እደነግጣለሁ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

ፒዲኤ የተባለውን፣ ከወሊድ በኋላ ሳይዘጋ የቀረ የደም ቧንቧ እንውሰድ። ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ሳለ ሁለቱን ትልልቅ የደም ሥሮች የሚያገናኝ ቧንቧ አለ። ከወሊድ በኋላ በቀናት ውስጥ መዘጋት አለበት። ሳይዘጋ ከቀረና ሰፊ ከሆነ፣ ልብ በመታ ቁጥር ትርፍ ደም ወደ ሳንባ ይገፋል። የሳንባ ደም ሥሮች ግፊቱን ሲቋቋሙ ኖረው ይወፍራሉ፣ ይደድራሉ። በመጨረሻ ደሙ አቅጣጫውን ይቀይራል። እዚህ ደረጃ ከተደረሰ ቧንቧውን መዝጋት ራሱ አደገኛ ነው፤ ለቀኝ ልብ የቀረው መተንፈሻ እሱ ብቻ ነውና።

አንዲት እናት በጨቅላነቷ ፒዲኤ እንዳለባት የተነገራትን ልጇን ያመጣቻት፣ ደሙ አቅጣጫውን ቀይሮ የእግሯ ጣቶች ከጠቆሩ በኋላ ነበር። ሐኪሞቹ ካቴተር አስገብተው ግፊቱን ለኩ፤ ምንም ሳይዘጉ አወጡት። በወቅቱ ቢሆን ኖሮ በብሽሽቷ የደም ሥር ገብተው ዘግተውት በማግስቱ ቤቷ ትገባ ነበር። እባካችሁ፣ ሲጠባ የሚያልበው፣ ክብደት አልጨምር ያለው፣ ሳንባ ምች የሚመላለስበት ሕፃን ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይነሳ። ምልክት ባይኖርም ቀጠሮ አይለፍ።

ሁለተኛው «ደረቱ አይከፈትም፣ በካቴተር ብቻ!» ብሎ ድርቅ ማለት ነው። ምኞቱ ይገባኛል። ግን በካቴተር የሚገባው የቀዳዳ መዝጊያ ሁለት ክብ ገጽ ያለው የብረት መረብ ነው፤ የቀዳዳውን ጠርዝ ከሁለቱም በኩል ይዞ ይቆማል። በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ መሃል ላይ ሆኖ በቂ ጠርዝ ካለው ይዘጋል። ጠርዝ ከሌለው መዝጊያው ተነቅሎ ሊሄድ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ቀዶ ሕክምናው ይሻለዋል።

የተቦረቦረ ጥርስ ቀድሞ ይታከም። ባክቴሪያ ከአፍ ወደ ደም ገብቶ አዲሱ መዝጊያ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከተዘጋም በኋላ ለ6 ወር ያህል፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ለሐኪሙ መዝጊያ እንዳለ ንገሩ።

በሕክምናው ዕለት ጠዋት ልጁ ትኩሳት ወይም ሳል ካለው አትደብቁ። «ትንሽ ወተት ብቻ ነው» ብላችሁም አታብሉት፤ ማደንዘዣ አለ።

አስፒሪን ከታዘዘ፣ ልጁ ስለተሻለው ብቻ አይቆምም። የልብ ሥጋ መዝጊያውን እስኪሸፍነው ወራት ይፈጃል።

ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ልጁ ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ኢኮ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት።