እንግዳ ጣዕም ያለው ቡርቦን ሲመዘን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ሰው ቺካጎ ከሚገኘው ከኮቫል የውስኪ ማውጫ ቤት የወጣ፣ ቡርቦን የተባለውን የአሜሪካ ውስኪ ቀምሶ «ይህስ ቡርቦን አይደለም» ብሎ ብርጭቆውን ቢያስቀምጥ፣ ፍርዱ ከመጠጡ ይልቅ የራሱን ልማድ ይገልጻል። የአሜሪካ ሕግ ቡርቦን የሚለውን ስም የሚሰጠው ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ለሆነ፣ ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ለቆየ፣ ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ ላልተጨመረበት መጠጥ ነው፤ በቀሪው 49 በመቶ የትኛው እህል እንደሚገባ ግን አይደነግግም። ትልልቆቹ የኬንታኪ ፋብሪካዎች ይህን ቦታ ራይ በተባለ ስንዴ መሰል እህል ወይም በስንዴ እንዲሁም በገብስ ብቅል ሲሞሉት፣ ኮቫል በሙሉ ለሚሌት፣ ማለትም የዳጉሳ ዘመድ ለሆነችው ደቃቅ እህል ሰጥቶታል። ራይ የሚያመጣውን የቁንዶ በርበሬ ቃና በዚህ መጠጥ ውስጥ መፈለግ በማሽላ እንጀራ ላይ የጤፍን ጣዕም እንደ መፈለግ ነው። ቡርቦን ከኬንታኪ ውጭ አይሠራም የሚለውም እምነት መሠረት የለውም፤ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1964 የአገሪቱ መለያ ምርት ብሎ ሲያውቀው ለአንድ ክፍለ ግዛት ለይቶ አልሰጠውም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ ይኸውም ቤቱ ትንሽ፣ እህሉ ብርቅ፣ ጠርሙሱም ውድ ስለሆነ ብቻ ጉድለቱን ሁሉ «ልዩ ባሕርይ» ብሎ ማለፍ ነው። እንግዳ ጣዕም ሌላ፣ ብልሹ ጣዕም ሌላ። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚንጠባጠበው አፍንጫ እንደሚበሳ፣ ወደ መጨረሻው የሚወርደውም ውሃ ውሃ እንደሚል ያውቃል፤ ውስኪ የሚያወጣ ባለሙያም ሁለቱን ጫፎች ለይቶ መካከለኛውን ማስቀረት ይኖርበታል። ለመጀመሪያው ጫፍ ከሳሳ መጠጡ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል፤ ለመጨረሻው ከሳሳ ደግሞ እርጥብ ካርቶን ወይም ላብ የመሰለ ሽታ ይኖረዋል። እንዲህ ያለው ሽታ ከኮቫል ሚሌትም ሆነ የኬንታኪው ጄፕታ ክሪድ ከሚጠቀምበት ብለዲ ቡቸር ከሚባለው ቀይ በቆሎ አይመጣም፤ ምንጩ የአወጣጡ ጉድለት ስለሆነ በእህሉ ማሳበብ አይገባም።

ቀለምን የዕድሜ ምስክር ማድረግም ብዙዎችን ያሳስታል። የተለመደው የቡርቦን በርሜል 200 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ብዙ አነስተኛ ቤቶች ግን ገንዘባቸው ለዓመታት ታስሮ እንዳይቀር 20 ወይም 40 ሊትር ያህል በሚይዙ በርሜሎች ሥራቸውን ጀምረዋል። በትንሽ በርሜል ውስጥ እያንዳንዱን ሊትር የሚነካው እንጨት ስለሚበዛ መጠጡ በወራት ውስጥ ይጠቁራል፣ የቫኒላውም ቃና ቶሎ ይወጣል፤ በእንጨቱ አልፎ ከሚገባው አየር ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ሻካራነቱን የሚጥልበት ሂደት ግን በትንሽነቱ አይፋጠንም። ስለዚህም አንዳንዱ ከላይ የአናጺ ቤት ሰጋቱራ፣ ከሥሩ ጥሬ በቆሎ የሚል፣ ምላስንም ቅጠሉ ብዙ እንደቆየበት ሻይ የሚያደርቅ ይሆናል። ይህ ሁሉንም አይመለከትም፤ ከበቆሎ ብቻ ተሠርቶ በትንንሽ በርሜሎች የቆየው የኒው ዮርኩ ሀድሰን ቤቢ ቡርቦን በዚሁ መንገድ ስም ያተረፈ ነው። በነገራችን ላይ፣ በርሜሉ ከስሏል ሲባል በወይራ የታጠነ የጠላ ጋን አስቦ ጭስ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ እሳቱ በዋናነት የሚያመጣው የእንጨቱን ስኳር አሳርሮ የካራሜል ጣፋጭነትን ነው።

በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳያጣሩ ማመንም ዋጋ ያስከፍላል። «ስሞል ባች» (በጥቂት መጠን የተሠራ) እና «ክራፍት» (በእጅ ሙያ የተሠራ) የሚሉት ቃላት በሕግ የተወሰነ ትርጉም የላቸውም። ትርጉም ያለው «ስትሬት» የሚለው ሲሆን ቢያንስ 2 ዓመት መቆየቱን ያመለክታል፤ መጠጡ 4 ዓመት ካልሞላውም ዕድሜው መጻፍ አለበት። «ቦትልድ ኢን ቦንድ» የሚለው ደግሞ በ1897 ከወጣ ሕግ የመጣ ሲሆን በአንድ ቤት፣ በአንድ የማውጫ ወቅት ተሠርቶ ቢያንስ 4 ዓመት የቆየና አልኮሉ 50 በመቶ የሆነ መጠጥ ማለት ነው። «ዲስቲልድ ባይ» (ያወጣው) የሚለው ጠፍቶ «ቦትልድ ባይ» (ያሸገው) ብቻ ካለ ሻጩ ውስኪውን ከሌላ ገዝቶ አሽጎት ሊሆን ይችላል። መግዛቱ ነውር ባይሆንም፣ የሌላውን ሙያ ለእሱ መስጠት የቀማሹ ስህተት ነው።

አረቄ በመለኪያ እንደሚጨለጥ ቡርቦንን መጨለጥ ለመጠጣት ይሆናል እንጂ ለመመዘን አይሆንም። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ጥቂት ቀድቶ፣ አፍን ከፈት አድርጎ፣ አፍንጫን ከብርጭቆው ራቅ ካለ ቦታ እየቀረቡ ማሽተት ያስፈልጋል፤ 47 በመቶ አልኮል ያለውን እንደ ወይን አፍንጫ ከትተው በረጅሙ ቢስቡት ማሽተቻውን ያደነዝዛል። የመጀመሪያው ጉንጭ አፍን ከማለማመድ ያለፈ ሥራ ስለሌለው ፍርዱ ከሁለተኛው ይጀምራል። ከ60 በመቶ በላይ ለሆነው ጥቂት ጠብታ ውሃ ማከል ተደብቆ የቆየውን ሽታ ይገልጣል፣ በረዶ ግን ይሸፍነዋል። ዕጣን በሚጨስበትና ቡና በሚቆላበት ቤትማ ምዘናው ለሌላ ቀን ቢተላለፍ ይሻላል።

በመጨረሻም አንዱን ጠርሙስ በተከፈተበት ምሽት ቀምሶ በቤቱ ላይ ሁሉ መፍረድ አለ። በርሜሎቹ ጥቂት በሆኑበት ቤት የዘንድሮው ከአምናው ሊለይ ስለሚችል የምድቡን ቁጥር መመዝገብ፣ ጠርሙሱን ከሳምንት በኋላ ደግሞ መቅመስ፣ ከዚያም አልኮሉ ተቀራራቢ ከሆነ ከአንድ ተራ የኬንታኪ ቡርቦን ጎን አስቀምጦ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ የማይነግር ሰው እንዲቀዳ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዋጋውና ታሪኩ ከዓይን ሲርቁ የሚጻፈው ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ይለወጣል።