አርሲዲ እያለም ሰው የሚጎዳባቸው ስህተቶች

በብሬከር ብቻ መተማመን። ተራ ብሬከር የተሠራው ሽቦ እንዳይቃጠል እንጂ ሰውን ኤሌክትሪክ እንዳይዘው አይደለም። 50 ሚሊአምፔር የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፤ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ግን ይህን ከቁጥር አያስገባውም። አርሲዲ፣ ማለትም ከረንት ሲያፈተልክ መስመሩን የሚቆርጠው መሣሪያ፣ በፌዝ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) የሄደውን ከረንት በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) ከተመለሰው ጋር ያስተያያል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ ቢበዛ በ0.3 ሴኮንድ ይቆርጣል። 300 ሚሊአምፔር የተጻፈበት ለእሳት መከላከያ ስለሆነ ለመታጠቢያ ቤት ሶኬት አይበቃም። ፌዝና ኒውትራልን ባንድ ጊዜ ለነካ ሰው ደግሞ የትኛውም አይደርስለትም፤ ልዩነት አይታየውምና።

ሶኬት ውስጥ ኧርዝን ከኒውትራል ማገናኘት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የኧርዝ ሽቦ (ያፈተለከ ከረንትን ወደ መሬት የሚወስደው) ባልተዘረጋበት ቤት የኧርዙ ማሰሪያ በአጭር ሽቦ ከኒውትራሉ ጋር ይታሰራል፤ በመሞከሪያ ሲታይም ትክክል ይመስላል። ኒውትራሉ ከሶኬቱ በፊት ከላላ ወይም ከተቋረጠ ግን ፌዙ በማቀዝቀዣው ውስጥ አልፎ በዚያች አጭር ሽቦ ወደ ብረት አካሉ ይመጣል። ማቀዝቀዣው ሥራ ያቆማል፤ ተበላሸ ብሎ በሩን የሚከፍተው ሰው የሚነካው ፌዝ ነው። ብሬከሩ አይወርድም። መፍትሔው ከማከፋፈያ ሳጥኑ ድረስ የኧርዝ ሽቦ መሳብ ነው። እስከዚያው አጭሯን ሽቦ አስፈትተው መስመሩን በ30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ያስጠብቁ። የውኃ ቧንቧን እንደ ኧርዝ መጠቀምም አይሆንም፤ መሐል ላይ ፕላስቲክ ሊኖር ይችላል።

ኒውትራሎችን ማደባለቅ። ሁለት አርሲዲ ባለበት ሳጥን የአንዱ መስመር ኒውትራል በሌላው ማሰሪያ ላይ ከታሰረ ዕቃ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ይወርዳሉ። ብዙ ጊዜ አርሲዲው ያለጥፋቱ ተነቅሎ የሚጣለው በዚህ ነው።

የሚወርድ አርሲዲን ማለፍ። በቀጥታ ከማገናኘት ይልቅ ጥፋቱን ይፈልጉ፦ ከሥሩ ያሉትን ብሬከሮች ሁሉ ያውርዱ፣ አርሲዲውን ያንሱ፣ ከዚያ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ይመልሱ። ያወረደው መስመር ሲገኝ ዕቃዎቹን ነቅለው በየተራ ይሰኩ፤ አዘውትሮ የሚገኘው ጥፋተኛ የውኃ ማሞቂያው ኤለመንት ነው። ብሬከሮቹ በሙሉ ወርደውም አርሲዲው ከወረደ ኒውትራል ከኧርዝ ጋር የተነካካበት ቦታ ሊኖር ይችላል፤ አብዛኞቹ ብሬከሮች የሚቆርጡት ፌዙን ብቻ ነው። ይህን ባለሙያ ይፈልገው።

የመሞከሪያ ቁልፉን መርሳት። መብራት ባለበት ሰዓት በየጥቂት ወሩ ይጫኑት፤ ካልወረደ ያስቀይሩት። ቁልፉ የሚፈትነው አርሲዲውን ብቻ ነው፤ ኧርዙ መኖሩ በመለኪያ ካልሆነ አይታወቅም።