መሪ ሲንቀጠቀጥ፦ ታይሮድ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አንድ አባት ቪትዛቸውን ይዘው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለው ጋራዣችን መጡ። የኋላ ወንበር ላይ ሁለት አዲስ ታይሮዶች (መሪውን ከፊት ጎማዎች ጋር የሚያያይዙ ዘንጎች) ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል። «መሪው ድንገት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ዕቃውን ገዝቻለሁ፤ አንተ ግጠምልኝ ብቻ፣ ልጄ» አሉኝ። «የሚንቀጠቀጠው መቼ ነው ጋሼ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ስነዳ ነዋ» አሉ።

በዚህ ወር ብቻ ዕቃ ቀድሞ ገዝቶ የመጣ ሰው ሲገጥመኝ አራተኛዬ ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው፤ ከታች ያሉት ርዕሶች አብዛኞቹ መሪ ሲንቀጠቀጥ የሚሠሩ ስህተቶች ናቸው።

መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ሳይለዩ ዕቃ መግዛት

መሪው የሚንቀጠቀጥበት ሁኔታ ራሱ በሽታውን ይናገራል። ከ80 እስከ 100 ባለው ፍጥነት ተርገብግቦ ከዚያ በታች ጸጥ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፊት ጎማ ባላንስ (የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል መሆኑ) ነው። ፍሬን ስትይዙ ብቻ ከመጣ ዲስኩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ሳህን) እዩ። ነዳጅ ስትሰጡ ተንቀጥቅጦ እግራችሁን ስታነሱ ከተወ፣ የሲሚያሱ (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) የውስጠኛው መገጣጠሚያ ይፈተሽ። መብራት ላይ ቆማችሁ፣ ማርሹ ዲ ላይ እንዳለ ከተንቀጠቀጠ ጎማውን ተዉት፤ የሞተር ጎሚኒ (ሞተሩ የተቀመጠበት ላስቲክ) ወይም የሞተሩ የራሱ ጉዳይ ነው። መሪው ዝም ብሎ ወንበሩ ከነዘራችሁ ወደ ኋላ ጎማዎች ሂዱ። ገና በ20 እና በ30 መሪውን ግራና ቀኝ የሚያወዛውዝ ከሆነ ግን ጎማው አብጧል፣ ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ብረት) ተጣሟል ወይም ዳዶ (የጎማ ማሰሪያ ብሎን) ላልቷል። ይሄኛው ለነገ አይባልም።

«ትናንት ደህና ነበር» የምትሉኝን አምናችኋለሁ። ግን ከሜክሲኮ ፒያሳ ስትመላለሱ 60 እንኳ የምትነዱበት ቦታ ስንት ነው? የባላንስ ጉድለት ወር ሙሉ ተደብቆ ይቆይና ዘመድ ጥየቃ አዳማ ልትሄዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ ፍጥነት መንገዱ ውስጥ ስትገቡ፣ 90 ላይ መሪው እጃችሁ ውስጥ ይርገበገባል። ያን ዕለት የተበላሸ ይመስላችኋል። በሰኞው ደግሞ ከተማ ውስጥ ስትነዱት ይጠፋና «ተሻለው» ትላላችሁ።

ታይሮድም ቢሆን ሳይገዛ ይፈተሻል። የፊት ጎማውን በክሪክ አንሱ፤ ግራና ቀኙን ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተንቋቋ አንድ ሰው አጠገባችሁ ሆኖ ታይሮዱን ይይ። ላይና ታቹን ይዛችሁ ስትወዘውዙ ከተንቋቋ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) ወይም ቦል ጆይንት (ጎማውን የሚይዘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ነው። ይህ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለመንቀጥቀጥ አላይመንት ማሠራት

አላይመንት ጎማው ወደ ፊት ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያደርጋል። መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ወይም ጎማው በአንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ማሠራት ተገቢ ነው። መንቀጥቀጥን የሚያስተካክለው ባላንስ ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ስለሚሠሩ ብቻ አንድ አይደሉም።

ጎማ ካስፈታችሁ በኋላ ዳዶውን አለማየት

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ደንበኛዬ ማታ ደወለችልኝ። ካዛንቺስ ጎማ ተንፍሶባት ጎሚስታ አሠርታ ወደ ቤቷ እየሄደች ነበር። «ወንድሜ፣ መሪው ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። «ባላንስ ይሆናል፣ ነገ አምጪው» አልኳት። በማግስቱ ስትመጣ ከአራቱ ዳዶዎች ሁለቱ የሉም። የቀሩት ሁለቱ በእጅ ይዞራሉ። የቸርኬው ቀዳዳዎች ክብነታቸው ጠፍቶ እንቁላል መስለዋል። ጎማው መንገድ ላይ ቢወልቅ ኖሮ ምን እንደሚከተል ሳስበው ዛሬም ሆዴን ይቆርጠኛል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ ሳነሳ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ሰሞኑን ጎማ ተፈቷል?» ነው። ተፈቶ ከሆነ፣ አሁኑኑ ዳር ይዛችሁ ዳዶዎቹን ፈትሹ። ሲጠብቁም በተርታ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየተሻገሩ ነው። ለቪትዝና ለኮሮላ ቶዮታ ያወጣው የማጥበቂያ ኃይል ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የመፍቻ እጀታ ላይ ቆሞ መዝለልም፣ በእጅ ነካ አድርጎ መተውም ልክ አይደለም። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ደግሞ እንደገና ይጠበቃል።

ጭቃ

በክረምት ቸርኬው ውስጥ የደረቀ ጭቃ ብቻውን መሪ ያንቀጠቅጣል፤ ማንኛውንም ነገር ከማስፈታታችሁ በፊት የጎማውን የውስጥ ጎን አሳጥቡ።

ጎማውን ከውጭ ብቻ ማየት

ወደ ጋሼ መኪና ልመለስ። ከውጭ ሲታይ አራቱም ጎማ ጥሩ ጥርስ አለው። የግራውን ፊት በክሪክ አንስቼ ጠመኔ አንድ ድንጋይ ላይ አስደገፍኩና ጫፉን ለጎማው ጥርስ ልትነካ ጥቂት እስክትቀራት አስጠጋኋት። ከዚያ ጎማውን በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ጠመኔዋ ዝም፣ ዝም፣ ዝም አለችና አንድ ቦታ ላይ ቸር ብላ ነጭ መስመር ጣለች። እንደገና ባዞረው እዚያው ቦታ ላይ ቸር። መስመሩ ካለበት ወደ ውስጠኛው ጎን እጄን ሰድጄ ስዳብስ ግማሽ ሎሚ የሚያህል እብጠት አገኘሁ። የውስጡ ሽቦ ተላቋል። ጋሼም እጃቸውን ሰደው ዳሰሱትና «ይሄን ይዤ ነው የልጅ ልጆቼን ትምህርት ቤት የማመላልሰው?» አሉ።

እንዲህ ያለ ጎማ በባላንስ አይድንም፤ መቀየር ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከጉድጓድ ወይም ከመንገድ ጠርዝ ጋር ከመጋጨት ነው፤ እርጅናም ያግዘዋል። ዕድሜውን ለማወቅ ጎማው ጎን ላይ «DOT» ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ የታተሙትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። አደራ፣ ይህ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። አንድ ወጣት በኛ ቆጥሮ ያረጀ ጎማ እንደ አዲስ ገዝቶ መጥቶ አዝኜለታለሁ።

እብጠት ካልተገኘና ጥርጣሬው ከቀጠለ የፊቱን ጎማዎች ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አዛውሩ። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ ወንበሩ ከዞረ ጥፋቱ ከጎማው ወይም ከቸርኬው ነው፤ መሪው ላይ እንደነበረ ከቀረ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

በተበላሸ ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ መግጠም

ሸራው (ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው የፍሬን ክፍል) አዲስ ስለሆነ መንቀጥቀጡ ለሳምንት ይሻላል፣ ከዚያ ይመለሳል። ከእንጦጦ ፍሬን እየያዙ ወርዶ፣ ዲስኩ እንደጋለ ፍሬኑን ረግጦ ለረጅም ጊዜ መቆምም ዲስኩን ለብልሽት ይዳርጋል። በቁልቁለት ማርሽ ቀንሱ። ዲስክ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላጥበት) ይላጣል፤ ነገር ግን ከዚህ በታች አይሳሳ የሚለው ልክ ዲስኩ ላይ ተጽፏልና ሳይለካ አይላጥ።

ለመልክ ሲባል ያልተመጠነ ቸርኬ መግጠም

የቪትዝና ባለ አራት ዳዶ ኮሮላ የቸርኬ የመሐል ቀዳዳ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ቸርኬ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይሰፋል። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባ ቸርኬው ልክ መሐል ላይ ላይቀመጥ ይችላል፤ ያኔ ባላንስ አሥር ጊዜ ቢሠራም ይንቀጠቀጣል።

እየነዱ ሳለ ድንገት ሲጀምር ፍሬን ረግጦ መያዝ

መሪውን በሁለት እጃችሁ ያዙ፤ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፤ አራቱንም ፍሬቻ አብርታችሁ ፍጥነቱ በራሱ ሲወርድ ዳር ያዙ። ወርዳችሁ አራቱንም ጎማ ዙሩ፤ እብጠት ፈልጉ፤ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ ሞክሩ። በጣት የሚዞር አንድ ዳዶ ካገኛችሁ እዚያው አጥብቁት፤ መፍቻ ከሌላችሁ መኪናዋን ሳታንቀሳቅሱ ሰው ጥሩ።