መልእክት አልመጣም ብላችሁ ጌሙን ከማጥፋታችሁ በፊት

በስልክ መልእክት የሚተረኩ ጌሞች አመላቸው አስቸጋሪ ነው። ሲበላሹም ዝም ይላሉ፣ በደንብ ሲሠሩም ዝም ይላሉ።

ምልክት፦ ገጸ ባሕርይው አውርቶ አውርቶ ጠፋ

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው "ላይፍላይን" ላይ ቴይለር መርከቡ ባዕድ ጨረቃ ላይ ተከስክሶበት በጽሑፍ ያወራችኋል። ረጅም መንገድ ሲሄድ በእውነተኛው ሰዓት ይጠፋል። ሲተኛ ደግሞ እስኪነቃ ወፍ የለም። ይሄ ብልሽት ሳይሆን ታሪኩ ነው።

መለያው ቀላል ነው፤ ጌሙን ክፈቱት። መጨረሻ ላይ ቴይለር ሥራ ላይ መሆኑን የሚናገር መስመር ካለ ጠብቁ። አዲስ መልእክት ተደርድሮ ካገኛችሁ ግን ችግሩ ስልኩ ጋ ነው። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ አፖች ኖቲፊኬሽን ለመላክ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ መጀመሪያ ላይ ሳታነቡ "አይ" ብላችሁ ይሆናል። ሴቲንግ ገብታችሁ ፍቀዱለት። ካልሆነ ባትሪ ቆጣቢው አፑን ከጀርባ እየዘጋው ነውና ከገደቡ አውጡት።

ምልክት፦ የሌሊቱ ቻት ጠዋት ይከፈታል

ይሄ የእኛው ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኮሪያው "ሚስቲክ ሜሴንጀር" 11 ቀን የሚፈጅ ታሪክ አለው፤ ቻቶቹ በተወሰነላቸው ሰዓት ይከፈታሉ፣ ካመለጧችሁም ያልፋሉ። የስልካቸውን ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር የሚሞሉ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ስልክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ "ሌሊት ነው" ብሎ ያምናል፤ የስልኩን ሰዓት የሚከተል ጌምም አብሮት ይሳሳታል። ለእንቅልፍ ሳይመች አይቀርም፣ ታሪኩ ግን ይዘበራረቃል።

መፍትሄው ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መመለስ ነው። የሐበሻውን ሰዓት ለብቻው የሚያሳይ አፕ ጫኑ። መጠበቅ ሰልችቷችሁ ሰዓቱን ወደፊት አትግፉት፤ ያላያችሁት ቻት እንዳለፈ ሊቆጠር ይችላል።

ምልክት፦ ታሪኩ ሳይታሰብ አለቀ

ላይፍላይን ላይ ቴይለር ከሞተ ወደ ቀድሞ ምርጫ መመለስ ይቻላል። "በሪ ሚ፣ ማይ ላቭ" (እ.ኤ.አ. 2017) ከበድ ይላል። ኑር ከሶሪያዋ ሆምስ ወደ አውሮፓ ትሰደዳለች፤ እናንተ እዚያው የቀረው ባሏ ማጅድ ናችሁ። 19 መጨረሻዎች አሉት። የትኛው መልስ እንዳጠፋችሁ አትፈልጉ፤ የሞራሏና የገንዘቧ ጉዳይ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ነው። ከመጀመሪያው ጀምሩና በሌላ መንገድ ምከሯት። በሊቢያ በኩል የሄደ ዘመድ ያለው ሰው ግን ብቻውን ባይጫወተው እመርጣለሁ።

ምልክት፦ ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል

"ሲሙላክራ" የጠፋች ሴት ስልክ አግኝታችሁ የምትበረብሩበት አስፈሪ ጌም ነው። መንቀጥቀጡ ሆን ተብሎ የገባ ነው። ወደ ዋናው ስክሪን ውጡ፤ እዚያ ሰላም ከሆነ ስልካችሁ ደህና ነው።

የእውነተኛ ኤስኤምኤሳችሁን ወይም የኮንታክት ፈቃድ የሚጠይቅ ጌም ግን ሌላ ነው። ታሪኩ ፈጠራ፣ ሰዎቹ ፈጠራ፤ የእናንተ ስልክ ቁጥሮች ምን ያደርጉለታል? ከልክሉት። ያለዚያ አልከፈትም ካለ አጥፉት።